ሰሙን ብቻ ለሚሰሙ

«ውበትን ለውበትነቱ ተዉት» የሚለው ምክር ደግ ምክር ይመስላል። የእንግሊዝ ባላባቶች በገጠር ርስታቸው ስላስተከሏቸው መናፈሻዎች በተነሣ ቁጥር ይህ ቃል ይደገማል። ጸደይ ሲገባ ውሻን አስከትሎ በለመለመ ሣር ላይ መንሸራሸር የነፍስ ዕረፍት ነው፤ በዚያ ላይ ታሪክ መጫን የደረቅ ሰው ጠባይ ነው ይባላል። እኔ ይህን ምክር የምቃወመው ለፖለቲካ ስል ሳይሆን ለሥነ ጽሑፍ ስል ነው። ሥነ ጽሑፍን እወዳለሁ የሚል ሰው ያላነበበውን ነገር አደነቅሁ ማለት አይገባውም፤ መናፈሻም የሚነበብ ጽሑፍ ነው።

ለአብነት በሰሜን እንግሊዝ ከሊድስ ከተማ አጠገብ የሚገኘውን ሄርውድን እንውሰድ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የቤቱ መሠረት የተጣለው በ1759 ሲሆን ባለቤቱ ኤድዊን ላሴልስ በ1771 ገባበት። በ1770ዎቹም ዝነኛው የመናፈሻ ነዳፊ ላንስሎት ብራውን ምድሩን እንደ ሸክላ አበጀው፤ ውኃ አስገድቦ ሐይቅ አደረገ፣ ሜዳውን አለሰለሰ፣ ዛፍ አስተከለ። የጥበቡ ሁሉ ግብ አንድ ነበር፤ የሰው እጅ ያልነካው ማስመሰል። የቀድሞው መንደርም ከቦታው ተነሥቶ ከበሩ ውጭ በአዲስ መልክ ተሠራ። ዛሬ በዛፎች መካከል ብቻዋን ቆማ የምትታየው ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን የዚያ መንደር ምስክር ናት።

በሚያዝያ ወር ከአንድ ወዳጄ ሁለት ውሾች ጋር በዚያ ስዞር አንድ ነገር አስተዋልሁ። እኔ ዐይኔን ሐይቁ ላይ ተክዬ ስቆም እነርሱ አፍንጫቸውን ከመሬቱ አላነሡም። ለውሻ ትእይንት የሚባል ነገር የለም፤ የሚፈልገው ማን በዚህ እንዳለፈና ከሥር ምን እንደ ተቀበረ ነው። ብራውን ያን ሁሉ የደከመው ለእኔ ዐይን ነበር፤ የውሻን አፍንጫ የሚያታልል ጥበብ ግን አልነበረውም። አንባብያንም ለዚህ አፍንጫ ጥቂት ብንቀርብ በበጀን!

የዘመኑ ነዳፊዎች «ሃሃ» የሚሉት ዘዴ ነበራቸው። ከብት ወደ ቤቱ እንዳይጠጋ አጥር ያስፈልጋል፤ አጥር ደግሞ ለዐይን ይከፋል። ስለዚህ ቦይ ይቆፈርና ግንቡ ከቦዩ ውስጥ ይደበቃል፤ በመስኮት ለሚመለከተው ሣሩ ያለ ወሰን የተዘረጋ ይመስለዋል። ወሰኑ ግን አለ። ላሚቱ ታውቀዋለች፤ የማያየው ጌታው ብቻ ነው። «ውበትን ለውበትነቱ» የሚለው ፍልስፍናም እንዲህ ያለ ቦይ ነው።

ቦዩ ምን ይደብቃል? ኤድዊን ላሴልስ የተወለደው በባርቤዶስ ነው። አባቱ ሄንሪ በካሪቢያን ሀብት ያካበተው ከስኳር፣ ለሸንኮራ እርሻ ባለቤቶች ከሚያበድረው ገንዘብና ከባሪያ ንግድ ነበር። ብሪታንያ በ1833 ባርነትን የሚሽር ሕግ ስታወጣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበች፤ ለባሪያዎቹ ሳይሆን ለጌቶቻቸው። ሁለተኛው የሄርውድ ኤርል ለ1,277 ሰዎች ከ26 ሺህ ፓውንድ በላይ ተቀበለ። ሰዎቹ ራሳቸው ምንም አላገኙም። ባለቅኔው ባይረን በ1808 ለሞተበት ውሻው በኒውስቴድ ርስቱ ሐውልት አቁሞ ስሙን አስቀርጾለታል፤ ውሻን መውደዱ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን በዚያው ዘመን ለውሻ የስም ድንጋይ የሚያቆም መደብ ሰውን በራስ ቁጥር ይተምን እንደ ነበር አለመናገር ግማሽ እውነት ነው።

«ይህ ከሥነ ጽሑፍ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጄን ኦስተንን ይጠይቅ። በ1814 በታተመው «ማንስፊልድ ፓርክ» ውስጥ ፋኒ ስለ ባሪያ ንግድ ስትጠይቅ ቤቱን ዝምታ ይወርሰዋል። ደራሲዋ ዝምታውን መዘገበችው፤ እኛ እንቀጥለዋለን። ናሽናል ትረስት የተባለው የብሪታንያ የቅርስ ተቋም በ2020 ከይዞታዎቹ 93ቱ ከቅኝ ግዛትና ከባርነት ጋር ያላቸውን ትስስር በጥናት ሲገልጽ፣ ሽርሽራችን ተበላሸ የሚል ዓይነት ቁጣ ተነሣበት። በአንጻሩ የሄርውዱ ኤርል ዴቪድ ላሴልስ፣ ከባርነት ያተረፉ ቤተሰቦች ዘሮች በ2023 ለካሳና ለይቅርታ ድምፅ ለመሆን ካቋቋሙት ስብስብ መሥራቾች አንዱ ሆኑ። የቤቱ ወራሽ ያልሸሸገውን እኛ አድናቂዎች ምን አግብቶን እንሸሽጋለን?

አበባው ይነቀል፣ ሐይቁ ይድረቅ አላልሁም። ውሾቹም ይንሸራሸሩ። የምለው፣ እኛ የአማርኛ አንባብያን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም ነው። ያደግነው በቅኔ አገር ነው፤ ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሚያጨበጭብ ሰው ቅኔውን እንደ ሰማ አይቆጠርም። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ባለቅኔው ወርቁን የሚደብቀው እንዲፈለግለት ነው፤ የመናፈሻው ጌታ የደበቀው ግን እንዳይፈለግበት ነው። ስለዚህ ፍለጋው ይበልጥ የእኛ ግዴታ ይሆናል። ሰሙ ሣር፣ ወርቁ የሰው ላብ የሆነበትን ቅኔ መፍታት ውበቱን አይገድለውም፤ ዋጋውን ማን እንደ ከፈለ ያሳውቀናል። ያን ካወቅን በኋላ እናድንቅ፤ ያን ጊዜ አድናቆታችን የአንባቢ አድናቆት ይሆናል።