ሰውየው ተኝቷል፣ ጀልባው ግን ይከንፋል

ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ የማውቀው ሐይቅ ብቻ ነው። ቬንዴ ግሎብ የሚባለውን የጀልባ ውድድር ግን በስልኬ እከታተላለሁ፣ ዛሬ ደግሞ ሲከነክነኝ የቆየውን ልተንፍስ።

ለማታውቁት፣ በየአራት ዓመቱ ከፈረንሳይ፣ ከሌ ሳብል ዶሎን ወደብ ይነሳሉ። አንድ ሰው ብቻውን፣ 18 ሜትር በሚሆን ባለ ሸራ ጀልባ፣ የትም ሳይቆም ዓለምን ዞሮ እዚያው ይመለሳል። ባለፈው ውድድር ሻርሊ ዳላን በ64 ቀን ጨርሶታል።

64 ቀን ሙሉ ሳይተኛ የሚኖር ሰው የለም። ስለዚህ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ እየሰረቁ ይተኛሉ፣ ጀልባውን አውቶፓይለት ይይዘዋል። ራዳር አለ፤ የሌሎች መርከቦችን ቦታ የሚናገር ኤአይኤስ አለ፤ ምሰሶ ጫፍ ላይ የሚሰቀል ካሜራም መጥቷል። ጀርመናዊው ቦሪስ ሄርማን ይሄ ሁሉ ነበረው። ጃንዋሪ 27 ቀን 2021 ሊጨርስ 90 ማይል ገደማ ሲቀረው፣ እሱ ተኝቶ ሳለ ከዓሣ አጥማጅ መርከብ ጋር ተላተመ። አንዱም ማንቂያ አልጮኸም። ለድል ሲፎካከር የነበረ ሰው የተጎዳ ጀልባውን ይዞ 5ኛ ገባ።

ሁላችንም አዘንለት። እኔም አዝኛለሁ። መርከቡ ላይ ስለነበሩት አጥማጆች ግን ስንቶቻችን ጠየቅን?

ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ½mv² ትዝ ይላችኋል? (ፈተና አይደለም፣ አትደንግጡ።) 8 ቶን ጀልባ በ20 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 400 ሺህ ጁል ገደማ ይይዛል። 30 ኖት ሲደርስ ከ900 ሺህ ያልፋል። ፎይል የሚባሉት ክንፎች ጀልባውን ከውሃው ከፍ ማድረግ ከጀመሩ ወዲህ 30 ኖት ብርቅ አይደለም። በዚያው ውድድር ሴባስቲያን ሲሞንና ሳም ዴቪስ ውሃ ውስጥ ካለ ነገር ጋር ተጋጭተው ወጥተዋል። "ያልታወቀ ተንሳፋፊ ነገር" ይሉታል። ግንድ ይሁን ኮንቴይነር ይሁን ዓሣ ነባሪ፣ ስሙ ያው ነው፤ ተጎጂው ሁሌ ጀልባው ይመስላል።

በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ደንብ 5ኛው አንቀጽ ማንኛውም መርከብ ሁልጊዜ በዓይንና በጆሮ እንዲጠብቅ ያዛል። ብቻውን የተኛ ሰው በየትኛው ዓይኑ? ሁሉም ያውቃል፣ ዝም ይባላል።

"አደጋውን አውቆ ነው የገባው" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ተወዳዳሪው ፈርሟል። አጥማጁ ግን የት ፈረመ?

ውድድሩ ይቅር አልልም፤ እኔ ራሴ ይናፍቀኛል። የምለው ይሄን ነው፦ አጥማጆች በሚበዙበት ውሃ፣ በተለይ መጨረሻው አካባቢ፣ የሚተኛ ሰው ፍጥነቱን ይቀንስ፣ ያባከነው ሰዓትም ይካካስለት። አይቻልም እንዳትሉኝ። በዚያው ውድድር ያኒክ ቤስታቨን 3ኛ ሆኖ ነው መስመሩን ያለፈው፤ ጀልባው ለሁለት የተሰበረበትን ጓደኛውን ፍለጋ ስለሄደ 10 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ተቀንሶለት አሸናፊ ሆነ። ለፍለጋ ሰዓት መስጠት ከቻሉ፣ ለእንቅልፍስ ምን ያግዳቸዋል?

የማትስማሙ ኮሜንት ላይ እንገናኝ፤ ማታ ደብተር አርሜ ስጨርስ እመልሳለሁ።