የሁለት ቢጫ ካርድ ሒሳብ

ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ እኛ ኮልፌ፣ 18 ማዞሪያ አካባቢ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ተጨናንቀን እናይ ነበር። በርናርድ ፓርከር በራሱ መረብ ላይ ያስቆጠራትን ግብ ስንቴ እንደተረክናት እኔ አላውቅም። ምድቡን በአንደኝነት ጨርሰናል ብለን ስንጨፍር፣ የዚያኑ ዕለት ፊፋ በኢትዮጵያ ላይ የዲሲፕሊን ምርመራ መክፈቱ ተሰማ። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ስናሸንፍ፣ መሰለፍ የማይገባው ምንያህል ተሾመ ተሰልፏል ተባለ።

አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ ተምረዋል። ሜዳ ላይ ያገኘነውን ነጥብ በወረቀት ይወስዱብናል?» አለኝ። ይወስዳሉ አልኩት። ፊቱን ሳየው ዝም ብል ይሻለኝ ነበር።

ሕጉ ረቂቅ አይደለም። በአንድ ማጣሪያ ውስጥ በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ቢጫ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን አይጫወትም። ምንያህል አንዱን በ2004 በደቡብ አፍሪካ፣ ሌላውን በመጋቢት 2005 በቦትስዋና ጨዋታ አይቶ ነበር። ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን አመነ። የቦትስዋናው ድል ተሰርዞ 3 ለ 0 ተሸናፊ ሆንን። አንዳንዱ ሴራ ነው አለ። ይሁን እንጂ በዚያው ማጣሪያ ቶጎም የታገደ ተጫዋች አሰልፋ ካሜሩን ላይ ያገኘችውን ድል ተነጥቃለች። ሴራ ከሆነ ለብዙዎች የተሸረበ ሴራ ነው!

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ቅጣቱ ባይኖር ኢትዮጵያ 13፣ ደቡብ አፍሪካ 8 ነጥብ ይዘው፣ የቀረው አንድ ጨዋታ ለወጉ ይደረግ ነበር። ከቅጣቱ በኋላ ግን ኢትዮጵያ 10፣ ደቡብ አፍሪካ 8፣ ቦትስዋና 7 ሆኑ፤ ሦስቱም ተስፋ ነበራቸው ማለት ነው። ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር በተደረገው ጨዋታ ቀድሞ የተቆጠረው በእኛ ላይ ነው። አቻ ያደረገን ማን ነው? ራሱ ምንያህል! ሳላዲን ሰኢድ ሁለተኛውን ጨመረና 2 ለ 1 አለቀ። አቻ ብንወጣ ኖሮ ደቡብ አፍሪካም በዚያው ቀን ስላሸነፈች እኩል 11 ሆነን በግብ ልዩነት ትበልጠን ነበር።

ታዲያ «አለፍን አይደል፣ ምን አጣን?» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የስድስት ጨዋታ ድካም በአንድ ከሰዓት ላይ የተንጠለጠለው ቢጫ ካርድ የሚመዘግብ ሰው ስለጠፋ ነው። ተጫዋቹም ካርዱን ማስታወስ አለበት የሚለውን ክርክር እሰማለሁ፤ ግን ደመወዝ የሚከፈለው ለመጫወት እንጂ ለመዝገብ ቤትነት አይደለም። የሕጉ አስቸጋሪ ጎንም ይኸው ነው። ጥፋቱ የቢሮ ሆኖ ሳለ ነጥቡ የሚቀነሰው ላቡን ካፈሰሰው ቡድን ነው። ቢሆንም ሌላ መንገድ አይታየኝም። ቅጣቱ በገንዘብ ብቻ ቢሆን ሀብታም ፌዴሬሽን የታገደ ተጫዋቹን ከፍሎ ያሰልፈዋል።

የሚገርመው፣ ያን ጊዜ በእኛ ስህተት ተስፋዋ ያንሰራራው ደቡብ አፍሪካ በመጋቢት 2017 በዚያው ጉድጓድ ገባች። ቴቦሆ ሞኮዬና ሁለት ቢጫ እያለበት ሌሶቶ ላይ ተሰልፎ 2 ለ 0 አሸነፉ። ፊፋ በመስከረም 2018 ውጤቱን ሰርዞ ለሌሶቶ 3 ለ 0 ሰጠ። እነሱም እንደኛ በመጨረሻው ቀን፣ ጥቅምት 4፣ ሩዋንዳን 3 ለ 0 አሸንፈው ተረፉ። ልዩነቱ እነሱ በቀጥታ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ማለፋቸው ነው። እኛን የጠበቀን ግን ከናይጄሪያ ጋር የደርሶ መልስ ጨዋታ ነበር።

በጥቅምት 2006 አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ቀድሞ አስቆጥሮ ነበር፤ ኤመኒኬ ሁለት አገባና 2 ለ 1 ተሸነፍን። ኅዳር 7 ካላባር ላይ ደግሞ 2 ለ 0። ያ ልጅ ዛሬም ሲያገኘኝ የዚያን ዓመት ነገር በቢጫ ካርዱ ያሳብባል። ናይጄሪያ ስለበለጠችን ነው እለዋለሁ፤ አይቀበለኝም።