በሰማይ ላይ የሚሰማው ንትርክ፦ አብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ለምን ይጋጫሉ?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 አንድ ምሽት፣ ከሙኒክ የተነሣ የሉፍታንዛ ኤርባስ ኤ350 አውሮፕላን ረጅሙን ጉዞ አገባዶ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተቃረበ። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው፣ ከሌላው አውሮፕላን ጋር ያለውን ርቀት በዓይኑ እያየ ጠብቆ ማረፍ ይችል እንደሆነ አብራሪውን ጠየቀው። አብራሪው የአየር መንገዱ መመሪያ በሌሊት ይህን እንደማይፈቅድ ገልጾ፣ በመሣሪያ ተመርቶ ለማረፍ ጠየቀ። ምላሹ መጠበቅ ሆነ። አሥር ደቂቃ ተባለ፤ አሥሩ ደቂቃም አለፈ። አብራሪው ነዳጁ እየቀነሰ መሆኑን፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለም የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ ለማሰማት እንደሚገደድ ተናገረ። ንግግሩ እየተካረረ ሄደ። በመጨረሻ ተቆጣጣሪው ውይይቱን ዘግቶ ተለዋጭ ማረፊያው የት እንደሆነ ጠየቀ። አውሮፕላኑም ከባሕረ ሰላጤው ማዶ በምትገኘው ኦክላንድ አረፈ።

የዚህ ምልልስ የድምፅ ቅጂ በዓለም ዙሪያ ተደምጧል። አንዱ ወገን ተቆጣጣሪውን በግትርነት፣ ሌላው ወገን አብራሪውን በትዕቢት ከሰሰ። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የሁለት ሰዎች የጠባይ ግጭት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ዋናውን ነገር መሳት ይሆናል። በተጨናነቁ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ሬዲዮ ላይ የሚሰማው ቁጣ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ሥርዓት የሚያሰማው ድምፅ ነው።

የአብራሪዎቹ ቅሬታ

አብራሪዎች በትልልቅ ማረፊያዎች ላይ የሚያነሷቸው ቅሬታዎች ተመሳሳይነት አላቸው። መመሪያው እጅግ በፍጥነት ይነገራል፤ ማረፊያው ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው የሚያርፉበት ማኮብኮቢያ ይቀየራል፤ በአየር ላይ እንዲዞሩ ሲታዘዙ እስከ መቼ እንደሚጠብቁ በግልጽ አይነገራቸውም፤ ጥያቄ ሲያቀርቡም ቁጣ ወይም ስላቅ ይመለስላቸዋል። በተለይ የኒው ዮርኩ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ማረፊያ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ አብራሪዎች ከባድ ፈተና እንደሆነ በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው።

ይህን ቅሬታ እንደ ቅብጠት መቁጠር አይገባም። ረጅም በረራ የሚያጠናቅቅ አብራሪ ድካም አለበት። የቀረውን ነዳጅ፣ የአየሩን ጠባይና የተለዋጭ ማረፊያውን ርቀት በአንድ ጊዜ ያሰላል። ለዚህ ስሌት የሚያስፈልገው ዋናው መረጃ የሚጠብቅበት ጊዜ ርዝመት ነው። አሥር ደቂቃ ተብሎ ሃያ ደቂቃ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የተዛባው የጊዜ ሰሌዳው ብቻ አይደለም፤ ውሳኔ የሚሰጥበት መሠረትም ጭምር ነው።

የ229 ሜትሩ ምሥጢር

የሳን ፍራንሲስኮው ንትርክ ለምን እንደተነሣ ለመረዳት የማረፊያውን አሠራር ማየት ያሻል። አውሮፕላኖች በብዛት የሚያርፉባቸው ሁለቱ ትይዩ ማኮብኮቢያዎች በመካከላቸው ያለው ርቀት 229 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል ሁለት አውሮፕላኖች ጎን ለጎን እየገቡ በሰዓት ወደ 60 የሚጠጉ አውሮፕላኖች ያርፉ ነበር። ይህ ይሆን የነበረው ግን አብራሪዎቹ አንዱ ሌላውን በዓይን እያየ ርቀቱን የመጠበቅ ኃላፊነት ሲቀበል ነው። ጭጋግ ሲወርድ ቁጥሩ በግማሽ ያህል ይወርድ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በዓይን የመለየት አሠራር ርቀትን የመጠበቁን ኃላፊነት ከተቆጣጣሪው ትከሻ ወደ አብራሪው ያሸጋግራል። ተቆጣጣሪው በራዳር ሊጠብቀው የሚገባውን ሰፊ ክፍተት አጥብቦ ብዙ አውሮፕላኖችን ያስተናግዳል። ማረፊያው የበረራ መርሐ ግብሩን የሚያወጣው ይህ አሠራር ሁልጊዜ እንደሚሠራ በመገመት ከሆነ፣ አልችልም የሚል አንድ አብራሪ ሲመጣ የሚያስገቡበት ክፍተት አይገኝም። ሕጉን ያከበረው አብራሪ ወረፋውን ያበላሸ ሆኖ ይታያል። ለእርሱ ቦታ ለመክፈትም ተቆጣጣሪው ከኋላ የተሰለፉትን ሁሉ ማዘግየት ይኖርበታል።

የአየር መንገዱ ጥንቃቄም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 እዚያው ሳን ፍራንሲስኮ፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል፣ ከቶሮንቶ የመጣ የኤር ካናዳ አውሮፕላን በዓይን እየተመራ ሲገባ የመንሸራሸሪያውን መንገድ ማኮብኮቢያ መስሎት ነበር። በመንገዱ ላይ አራት አውሮፕላኖች ለመነሣት ተሰልፈው ነበር። አብራሪዎቹ መልሰው ወደ ላይ ሲነሡ ከመሬት ያላቸው ከፍታ 18 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በዚያ ሌሊት በመቆጣጠሪያ ማማው ውስጥ ሥራውን ሁሉ ጠቅልሎ የያዘው አንድ ተቆጣጣሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትይዩው ማኮብኮቢያ በሚዘጋበት ሌሊት በዓይን እየተመሩ መግባት ተከልክሏል።

ከማይክሮፎኑ ጀርባ ያለው ሰው

የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ እጅግ ወሳኝ ከሚባሉት 26 የመቆጣጠሪያ ጣቢያዎች መካከል 20ዎቹ ከተቀመጠው የ85 በመቶ የሰው ኃይል መነሻ በታች መሆናቸውን አሳይቷል። የኒው ዮርክን ሰማይ የሚቆጣጠረው ጣቢያ የነበረው የሰው ኃይል 54 በመቶ ብቻ ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ ያለው ጉድለት ወደ 3 ሺህ ተቆጣጣሪዎች እንደሚደርስ ይነገራል። የጎደለው የሚሸፈነው በትርፍ ሰዓት ነው። በቀን አሥር ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠሩ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው።

የችግሩ ሥር ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ ተቆጣጣሪዎች ሥራ ሲያቆሙ፣ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተመለሱ ከሥራ እንደሚሰናበቱ አስጠነቀቁ። ከ11 ሺህ በላይ የሚሆኑት ተባረሩ። በእነርሱ ምትክ በአንድ ወቅት የተቀጠሩት ከዓመታት በኋላ ጡረታ የወጡትም በአንድ ወቅት ነበር። በአሜሪካ አንድ ተቆጣጣሪ በ56 ዓመቱ የመቆጣጠር ሥራውን መተው ግዴታው ነው፤ አዲስ ተቀጣሪ ደግሞ ዕድሜው ከ31 ዓመት በታች መሆን አለበት። በተጨናነቀ ጣቢያ ሙሉ ብቃት ላይ ለመድረስም ከሁለት እስከ አራት ዓመት ይወስዳል። ዛሬ የተጓደለ ሰው ነገ አይተካም።

ከሰው ጉድለት ጋር የመሣሪያ እርጅና ሲደመር ምን እንደሚሆን የኒውርክ ማረፊያ አሳይቷል። የዚህን ማረፊያ ሰማይ የመቆጣጠር ሥራ በሐምሌ 2024 ከኒው ዮርክ ወደ ፊላደልፊያ ተዛውሮ ነበር። በሚያዝያ 28 ቀን 2025 መረጃ የሚያመላልሰው መስመር ተበላሽቶ የተቆጣጣሪዎቹ ራዳርና ሬዲዮ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ጠፋ። አውሮፕላኖቹ በሰማይ ነበሩ፤ ተቆጣጣሪዎቹ ግን አያዩአቸውም፣ አያነጋግሯቸውም። ከድንጋጤው የተነሣ በርካታ ባለሙያዎች የሕክምና ፈቃድ ወጡ፤ መንገደኞችም ለሳምንታት ተጉላሉ። በዚያው ዓመት ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 12 ለ43 ቀናት የዘለቀው የአሜሪካ መንግሥት ሥራ መቋረጥ ደግሞ ተቆጣጣሪዎቹን ያለ ደመወዝ አሠርቷል። በመጨረሻ የአገሪቱ የአቪዬሽን አስተዳደር በ40 ማረፊያዎች በረራዎች እንዲቀነሱ አዘዘ።

ይህን ሁሉ ይዞ ማይክሮፎኑ ፊት የተቀመጠ ሰው ድምፁ ቢሻክር ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ አስገራሚ ግን አይደለም። አብራሪው የሚሰማው የእርሱን ድምፅ ብቻ ስለሆነ ቁጣውን የሚያወርደው በእርሱ ላይ ነው። የበረራ መርሐ ግብሩን ያጨናነቀው፣ በጀቱን የቀነሰውና ቅጥሩን ያዘገየው አካል በሬዲዮው ላይ የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ ነው።

የዋሽንግተኑ ሌሊት

የጠበበ ክፍተት ዋጋው ንትርክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 2025 ከዊቺታ የመጣ የመንገደኞች አውሮፕላን ወደ ዋሽንግተኑ ሬገን ማረፊያ ሲገባ ከጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጭቶ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። በሁለቱ ላይ የነበሩት 67 ሰዎች በሙሉ አለቁ።

በዚያ ሌሊት የሄሊኮፕተሮችንና የአውሮፕላኖችን መቆጣጠሪያ አንድ ሰው አጣምሮ ይሠራ ነበር። የሄሊኮፕተሩ ሠራተኞች አውሮፕላኑን እንዳዩት ተናግረው ርቀቱን በዓይናቸው ለመጠበቅ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። በሳን ፍራንሲስኮ አብራሪው እምቢ ያለው ዓይነት አሠራር በዋሽንግተን ተቀባይነት አገኘ። መርማሪዎቹ ከአደጋው በኋላ ባደረጉት ማጣራት ከጥቅምት 2021 እስከ ታኅሣሥ 2024 ባለው ጊዜ በዚያ ማረፊያ አቅራቢያ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ከሚገባው በላይ የተቀራረቡባቸው ከ15 ሺህ በላይ አጋጣሚዎች መመዝገባቸውን አመለከቱ። መረጃው በመዝገብ ላይ ነበር፤ የሄሊኮፕተሮቹን መስመር ከማረፊያው መግቢያ ያራቀ ግን አልነበረም።

ይህ ሰማይ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደለም። ከአዲስ አበባ የሚነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ የሚያርፍበት የደለስ ማረፊያም ሆነ ሬገን ማረፊያ አቀራረባቸው የሚመራው ከአንድ ጣቢያ ነው። በአካባቢው የሚኖረው ሰፊ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብም ዘመዱን የሚቀበለውና የሚሸኘው በዚሁ ሰማይ ሥር ነው።

አንድ ቃል ሲጎድል

ታዲያ የአነጋገር ነገር ከቁም ነገር አይገባም ማለት ነውን? አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1990 ከኮሎምቢያ የተነሣ የአቪያንካ ቦይንግ 707 አውሮፕላን በኒው ዮርክ መዳረሻው ላይ በድምሩ 77 ደቂቃ በአየር ላይ እንዲጠብቅ ተደረገ። ረዳት አብራሪው ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ለተቆጣጣሪዎች ተናግሮ ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አደጋን የሚያውጀውን ቃል ግን አልተጠቀመም። ተቆጣጣሪዎቹም ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቁትም። ሞተሮቹ ጠፍተው አውሮፕላኑ ሎንግ አይላንድ ላይ ወደቀ፤ በውስጡ ከነበሩት 158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለአብራሪዎችና ለተቆጣጣሪዎች የእንግሊዝኛ ብቃት መለኪያ ያወጣው፣ ነዳጅ ሲያንስና ነዳጅ ለአደጋ ሲዳርግ የሚነገሩትን ቃላት ለይቶ የደነገገው እንዲህ ካሉ አደጋዎች ተምሮ ነው። ከዚህ አኳያ በሬዲዮ ላይ መቆጣት ወይም መመጻደቅ ከሥነ ምግባር ጉድለት ያለፈ ነገር ነው። ተሰድቦ የሚያውቅ አብራሪ ያልገባውን መልሶ ለመጠየቅ ያመነታል። ያመነታ አብራሪ ደግሞ የገባው መስሎት ይሄዳል። በዝግታና በተደነገገው ቃል መናገር ጊዜ የሚያባክን ይመስላል፤ ዳሩ ግን አንዱን መመሪያ ሦስት ጊዜ ከመደጋገም ይቆጥባል።

መፍትሔው ከወዴት ይመጣል?

የመጀመሪያው እርምጃ በረራውን ከአቅም ጋር ማስማማት ነው። አንድ ማረፊያ በሰዓት የሚያስተናግደው የአውሮፕላን ቁጥር መወሰን ያለበት ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ሁሉም አብራሪ እሺ ባለበትና ሁሉም ተቆጣጣሪ በተገኘበት ምርጥ ቀን ሳይሆን በተራው ቀን ነው። የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር ከችግሩ በኋላ በኒውርክ የሰዓት ገደብ መጣሉ ይህንኑ መቀበሉን ያሳያል። አየር መንገዶች ገደቡን አይወዱትም፤ ሆኖም በመርሐ ግብር ላይ ያልተቀነሰው በረራ በሰማይ ላይ በመዘግየት መከፈሉ አይቀርም። ሁለተኛው ለሚጠብቅ አብራሪ እውነተኛውን ጊዜ መንገርና ጊዜው ሲቀየር ሳይጠየቁ ማሳወቅ ነው። ሦስተኛው ደግሞ መሣሪያ ከማደሱ ጎን ለጎን ሰው ማፍራት ነው።

ይህ ጉዳይ ለአገራችንም ትምህርት አለው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በደመወዝና በጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ሥራ አቁመው ነበር፤ ዘጠኝ ባለሙያዎችም ታስረው እንደነበር ይታወሳል። ያ ወቅት መንገደኛ የማያያቸው እነዚህ ባለሙያዎች ለአንድ አየር መንገድ ሕልውና ምን ያህል ወሳኝ እንደሆኑ ያሳየ ነበር። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ከየአህጉሩ የሚመጡ በረራዎች በተወሰኑ ሰዓታት ተሰባስበው የሚገቡበትና የሚወጡበት ማዕከል ነው። በእነዚያ ሰዓታት በማማው ውስጥ ያለው ጫና ከፍተኛ ነው።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚገነባው አዲሱ ማረፊያ ሲጠናቀቅ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደ ሲሆን አራት ማኮብኮቢያዎች ይኖሩታል። ኮንክሪቱን በጥቂት ዓመታት ማፍሰስ ይቻላል፤ ብቁ ተቆጣጣሪ ግን የሚበስለው በዓመታት ሥልጠናና ልምድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ቅጥሩና ሥልጠናው ከግንባታው እኩል፣ ከተቻለም ቀድሞ መጀመር ይኖርበታል። ባለሙያው ደመወዙና የዕረፍት ሰዓቱ እስኪያስመርረው ድረስ መጠበቅም አይገባም።

የሳን ፍራንሲስኮው አብራሪም ሆነ ተቆጣጣሪው በዚያ ምሽት የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ አውሮፕላኑ በሰላም እንዲያርፍ። አብራሪው ደንቡን ጠበቀ፤ ተቆጣጣሪው ወረፋውን ጠበቀ። ለሁለቱም የሚበቃ ክፍተት ማዘጋጀት የነበረባቸው ግን መርሐ ግብሩን፣ በጀቱንና ቅጥሩን የሚወስኑት አካላት ናቸው። ተጠያቂነቱም መጀመር ያለበት ከእነርሱ ነው።