ሰኔ 24 ሳይደርስ መውጣት የነበረበት የድሮው ቁጥር

ሰኔ 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ለብዙ ሰው ተራ ቅዳሜ ነበር። ድረ ገጽ ለነበረው ግን አልነበረም። ጉግል «ዩኒቨርሳል አናሌቲክስ» የሚባለውን ነፃ የጎብኚ መቁጠሪያ ያቆመው ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ የሚቆጥረው «ጉግል አናሌቲክስ 4» ሆነ። ከፍለው ለሚጠቀሙ ትልልቅ ድርጅቶች አንድ ዓመት ተጨምሮላቸው ነበር፤ ለእኛ ግን አልተጨመረም። ድንገት መጣብን እንዳንል ደግሞ ውሳኔው ይፋ የሆነው መጋቢት 2014 ላይ ነው።

ስለ ለውጡ ሲወራ ስሰማ የነበረው «ያ ሪፖርት የት ገባ? ይሄ ምኑ ነው?» የሚል ነው። እሱ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። የማይመለሰው ሌላ ነው፦ የድሮው መረጃ ወደ አዲሱ አልተሻገረም። አዲሱ መቁጠር የሚጀምረው ከተከላችሁበት ቀን ነው። የድሮውን ደግሞ ጉግል ከሰኔ 24 በኋላ ቢያንስ ለ6 ወር አሳያለሁ ከማለት ያለፈ ቃል አልገባም ነበር።

«ያለፈ ቁጥር ምን ያደርግልኛል?» የሚል አይጠፋም። የባህል ልብስ በድረ ገጿ የምትሸጥ ልጅ እናስብ። ለሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ምን ያህል ልብስ ታዘጋጅ? የሚመልስላት ያለፈው እንቁጣጣሽ ነው፦ ስንት ሰው ገባ? ከበዓሉ ስንት ቀን ቀደም ብሎ መፈለግ ጀመረ? ከቴሌግራም ነው የመጣው ወይስ ከጉግል ፍለጋ? አዲስ አበባ ነው ያለው ወይስ ዋሽንግተን? የእኛ ገበያ ደግሞ ወርን ከወር በማነጻጸር ብቻ አይገባም። ፋሲካ በ2014 ሚያዝያ 16 ነበር፣ በ2015 ሚያዝያ 8፤ ጾሙም አብሮ ይንቀሳቀሳል። በዓል የሚነጻጸረው ከበዓል ጋር ነው። ለዚያ ቢያንስ የአንድ ዓመት ታሪክ በእጅ መኖር አለበት።

ሁለተኛው ችግር፣ ስማቸው አንድ ሆኖ ትርጉማቸው የተለያየ ቁጥሮች መኖራቸው ነው። «ባውንስ ሬት»ን እንውሰድ። በድሮው፣ አንድ ሰው ከቴሌግራም ሊንክ ገብቶ ጽሑፋችሁን አምስት ደቂቃ አንብቦ ቢወጣ፣ ሌላ ገጽ ስላልከፈተ ብቻ «ገብቶ ወዲያው የወጣ» ተብሎ ሊቆጠር ይችል ነበር። በአዲሱ ግን ከ10 ሰከንድ በላይ ከቆየ እዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሥራችሁ በምንም ሳይሻሻል ቁጥሩ በአንድ ሌሊት ሊያምር ይችላል። ይህን ይዞ ማስታወቂያ ሰጪ ዘንድ ሄዶ «አደግን» ማለት ራስንም ሰውንም ማታለል ነው።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ለእንዲህ ያለው ነገር መላ ነበረው። የዋጋ መለኪያ ሲቀየር የድሮው ዝም ብሎ አይጣልም። ለተወሰነ ጊዜ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሰላሉ፤ በዚያ ጊዜ የታየው ልዩነት የድሮውን ከአዲሱ ጋር የሚያያይዝ ድልድይ ይሆናል። ለእኛም ያ ጊዜ ከሰኔ 24 በፊት የነበረው ነው። ሁለቱ አብረው መቁጠር የቻሉት እስከ ሰኔ 24 ብቻ ነበር፤ በሐምሌ የነቃ ሰው ድልድዩን የሚሠራበት ነገር አላገኘም።

«ጉግል ራሱ ያዘዋውረኝ የለ?» ይባል ነበር። እውነት ነው፣ አዲሱን ላልከፈተ ሰው ጉግል ራሱ ይከፍት ነበር። የሚከፍተው ግን በመነሻው ቅንብር ነበር፤ እናንተ ምን ማወቅ እንደምትፈልጉ አያውቅም። ለምሳሌ ለዝርዝር ትንተና የሚውለው መረጃ ካልነካችሁት የሚቆየው 2 ወር ብቻ ነው። እንቁጣጣሽን ከእንቁጣጣሽ ለማነጻጸር 2 ወር ምን ይበቃል?

ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው። የመረጃ ማቆያውን ከ2 ወር ወደ 14 ወር ከፍ አድርጉ። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ መሆኑን አረጋግጡ፤ የአሜሪካ ሰዓት ከሆነ የእኛ ጠዋት በትናንቱ ቀን ሊመዘገብ ይችላል። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብላችሁ የየወሩን ጎብኚ፣ ብዙ የተነበቡ ገጾችን፣ የመጡበትን መንገድ፣ ከተማውንና ስልክ ወይም ኮምፒውተር መሆኑን አውርዱ። ሥርዓቱ የፈረንጅ ቀን ነው የሚያውቀው፤ የእኛን በዓላት አጠገቡ በእጃችሁ ጻፉ። በየሳምንቱ ቁጥሩን መዝግቡ።

ነፃ ነገር መጠቀም ክፋት የለውም። ግን የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ ባለቤቱ በፈለገ ቀን ይወስደዋል። የጎብኚዎቻችሁ ታሪክ ቢያንስ አንድ ቅጂው እናንተ ጋ ይቀመጥ።