ፊደሉ ብቻውን አይበቃም
ዘረመል የፊደላት ቅደም ተከተል መሆኑን ሁላችንም ተምረናል፤ ይህ ብቻውን ግን አይበቃም እንላለን። የእርሾን ህዋስ እንመልከት። የዲ ኤን ኤው ክር፣ 147 ያህል ጥንድ ፊደላት በአንድ በአንድ ጥቅል፣ በስምንት የሂስቶን ፕሮቲኖች ላይ እንደ ካህን ጥምጥም ይጠመጠማል። ፎስፌት በበቂ ሲገኝ፣ ፎ-5 የተባለው ዘረመል መነሻው በጥምጥም ተሸፍኖ ይተኛል፤ ፎስፌት ሲጎድል ጥምጥሙ ተፈትቶ ወደ አር ኤን ኤ ይገለበጣል። ሃን እና ግሩንስታይን በ1988 እ.ኤ.አ. ህዋሱን ሂስቶን ኤች-4 ሲያሳጡት፣ ፎስፌት ሳይጎድልም ዘረመሉ ሥራውን ጀመረ። ከፊደሉ አንድም አልተለወጠም። ግትር ክርን ማጠፍ ጉልበት ይጠይቃልና ጉዳዩ የፊዚክስም ነው። ስለዚህ የፊዚክስ ተማሪ ባዮሎጂን፣ የባዮሎጂ ተማሪም ፊዚክስን የጎረቤት ርስት አድርጎ ሊተወው አይገባም።