ምን አመጣህ?

ውጭ አገር ስንሄድ እንቆጥባለን። አንቆጥብም የሚል ካለ ሻንጣውን ከፍቶ ያሳየኝ። በሶው እዚያ አለ። ዳቦ ቆሎው እዚያ አለ። ድርቆሹም በፌስታል ተቋጥሮ ከሸሚዞቹ ሥር አድፍጧል። እያፌዝኩ እንዳይመስላችሁ። የውጭ ምንዛሬ እንደልብ በማይገኝበት አገር የሚኖር ሰው የአንድ ምሳ ዋጋ በብር መትቶ ቢደነግጥ ጤነኛ ነው። በተለይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ከወጣ ወዲህ፣ ለእረፍት ባሕር የሚሻገር ሰው እያንዳንዷን ሳንቲም ቢያሰላ ማን ይፈርድበታል?

እኔ የምፈርደው በሌላ ነገር ነው። የምንቆጥበው ከምንድን ነው? ለምንስ ነው? አስር ቀን ሙሉ ሆዳችንን፣ ዓይናችንንና ጆሯችንን ስናስርብ ከርመን፣ ያጠራቀምነውን በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ሱቅ ለሱቅ እየዞርን እንበትነዋለን። እዚያ ብቻ የሚገኘውን ነገር «ውድ ነው» ብለን ትተን፣ መርካቶ ሞልቶ የተረፈውን ተሸክመን እንመለሳለን። ይህን ቁጠባ የሚሉት ካሉ ይበሉት። እኔ ግን ብክነት ነው የምለው።

ለንደንን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ወገኖቻችን ልጅ ለመጠየቅ፣ እህት ወንድም ለማየት፣ ከሥልጠና በኋላ የዓመት ፈቃዳቸውን ጨምረው ጥቂት ቀናት ለማረፍ የሚሄዱባት ከተማ ናት። በውድነቷም ስሟ የተነሳ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አብሮኝ ያስተምር የነበረ አንድ ሰው እዚያ 12 ቀን ሰንብቶ መጣ። ይህ ሰው ሐምሌትን በእንግሊዝኛውም በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉምም ለዓመታት ያስተማረ ነው። «እሺ፣ ግሎብ ገባህ?» አልኩት። «ኧረ ተወኝ! ቲያትር እዚያ የሚቻል ነው እንዴ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ የጃኬት፣ የጫማና የሽቶ ዋጋ ሲተነትንልኝ ዋለ። መጨረሻ ላይ ምን አለኝ መሰላችሁ? ሻንጣው ከተፈቀደለት ኪሎ በልጦ አውሮፕላን ማረፊያ ትርፍ ክፍያ አስከፍለውታል። ያቺ የትርፍ ኪሎ ሒሳብ ብቻዋን ሦስት አራት ቲያትር ታሳይ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ድራማ ሳስተምር የግሎብን ቅርጽ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እስል ነበር። ክቡን ግድግዳ፣ ወደ ሕዝቡ ሾልኮ የሚወጣውን መድረክ፣ ከመድረኩ ግርጌ ያለውን ጣሪያ አልባ ግቢ። በሼክስፒር ዘመን በዚያ ግቢ ቆሞ የሚያይ ሰው የሚከፍለው 1 ፔኒ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ቴምዝ ወንዝ ዳር እንደገና ታንጾ የተከፈተው ግሎብም ያንን ልማድ ጠብቆታል። 700 ያህል ሰው ቆሞ ያያል። የቁም ቦታው ዋጋ ለብዙ ዓመታት 5 ፓውንድ ነበር። ዛሬም ቢሆን ከአንድ ሳንድዊችና ከአንድ ቡና ብዙም አይርቅም። እኔ ቆሜ አይቻለሁ። እግር ይደነዝዛል። ዝናብ ቢመጣ ጃንጥላ መዘርጋት ክልክል ነው። ነገር ግን ተዋናዩ አጠገብህ ነው፤ ላቡን ታያለህ፤ ሲቆጣ አንተን የተቆጣ ይመስልሃል። ብዙ ከፍሎ የተቀመጠው ሰው ይህንን ከሩቅ ነው የሚያየው። ታዲያ ለዓመታት ስለዚያ ግቢ ንግግር ሲያደርግ የኖረ መምህር በሩ ላይ ደርሶ «አይቻልም» ብሎ ሲመለስ ምን ይባላል?

«ሼክስፒር ይከብደኛል፣ ዘፈንና ጭፈራ ያለበት ይሻለኛል» የምትሉም አላችሁ። እሱም መላ አለው። ሊስተር ስኩዌር አደባባይ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የቅናሽ ትኬት የሚሸጥ ቤት አለ፤ ቲኬቲኤስ ይሉታል። የሚያስተዳድረው የለንደን ቲያትር ቤቶች ማኅበር ራሱ ነው። ያልተሸጡ ወንበሮችን ለዚያው ቀንና ለተከታዮቹ ጥቂት ቀናት በቅናሽ ይለቃል። በአካባቢው እሱን የሚመስሉ የግል ሱቆች ስላሉ ስሙን አይታችሁ ግቡ። አንዳንድ ቲያትር ቤቶችም ጠዋት በራቸውን ሲከፍቱ ለዕለቱ የሚሆኑ ርካሽ ወንበሮች ይሸጣሉ። በሳምንቱ መሐል ያለው የከሰዓት ትርዒትም ብዙ ጊዜ ከቅዳሜ ማታው ይረክሳል። የከተማው ሰው ራሱ እንዲህ እያደረገ ነው የሚያየው። ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው የቸኮለ ሰውና ያልጠየቀ እንግዳ ነው። እኛ ደግሞ ሳንጠይቅ «ውድ ነው» ብለን ፈርደን እንመለሳለን።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን በነጻ የሚገኘው ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም መግቢያው ነጻ ነው። ናሽናል ጋለሪ ነጻ ነው። ሳውዝ ኬንዚንግተን ያለው ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየምም ለልዩ ዐውደ ርዕይ ካልሆነ በቀር አያስከፍልም። እዚህ የመጨረሻው ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? ከመቅደላ የተወሰደ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ተሠርተዋል የሚባሉ ናቸው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ከጠጡ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። ዝርፊያውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት ለሕዝብ አይታዩም፤ ዘውዱ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ልዩ ዐውደ ርዕይ ተደርጎለታል። እኛ እዚህ ተቀምጠን «ቅርሳችን ይመለስ!» እንላለን፤ ደግም አደረግን። ግን ስንቶቻችን ነን ለንደን ደርሰን፣ አንድ ሳንቲም ሳንከፍል፣ ሄደን አገሪቱ የተዘረፈችውን በዓይናችን ያየን? ኦክስፎርድ ስትሪትን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ የለካ ሰው ለዚያ ዘውድ ግማሽ ሰዓት አጣ። ሽሚዝ እየመረጠ ነበራ!

አሁን ወደ ሆዳችን እንመለስ። ዳቦ ቆሎና በሶ ለቁርስ ግሩም ናቸው፤ ማንም አይሳቅባቸው። የለንደን የቢሮ ሠራተኛ ምሳው ብዙ ጊዜ ከሱፐርማርኬት የሚገዛት ሳንድዊች፣ ቺፕስና መጠጥ ናት፤ ሦስቱም በአንድ ዋጋ ታስረው ይሸጣሉ። እሱ ፓርክ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሲበላ አያፍርም፤ እኛ ምን ቤት ነን የምናፍረው? ደህና ምግብ መቅመስ ካማራችሁ ደግሞ ከእራት ይልቅ ምሳ ብሉ። ብዙ ምግብ ቤቶች በምሳ ሰዓት፣ በቲያትር ሰፈርም ከትርዒቱ በፊት ባለው አመሻሽ ላይ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት ምግብ በአንድ የተቆረጠ ዋጋ ያቀርባሉ። ወጥ ቤቱ ያው ነው፤ ሒሳቡ ግን ይለያያል። ውሃ ስትጠይቁ «የቧንቧ» በሉ። በእንግሊዝ አልኮል ለመሸጥ ፈቃድ ያለው ቤት ሁሉ የቧንቧ ውሃ ለደንበኛው በነጻ እንዲሰጥ ሕግ ያስገድደዋል። ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ አንብቡት። አብዛኛውን ጊዜ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተደምሮበታል። ያንን ከፍሎ በላዩ ጉርሻ መጨመር ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

እኛ ግን ይሉኝታ ይዞናል። ነጻ ውሃ መጠየቅ ያሳፍረናል። ሒሳብ አገላብጦ ማንበብ ያሳፍረናል። የቅናሽ ሰልፍ ላይ መቆም ያሳፍረናል። ቲያትርን ቆሞ ማየትማ ውርደት ነው! በሁለተኛው ቀን ጨንቆን የአገራችንን ምግብ ቤት አፈላልገን ሰፈራችን ያለውን ሽሮ ለንደን ውስጥ በፓውንድ ስንበላ ግን አናፍርም። ምግብ ቤቱን ከፍተው የሚደክሙትን ወገኖቼን አልነካም፤ የእነሱ ደንበኛ አገሩ የናፈቀው ስደተኛ ነው። ከቦሌ ተነስቶ በሦስተኛው ቀኑ ሽሮ የናፈቀው ሰው ግን ምን ፍለጋ እንደሄደ ራሱን ይጠይቅ።

ስለ ግዢው ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። ድሮ ጎብኚ የከፈለው ቫት ሲመለስ ይመለስለት ነበር። ብሪታንያ ግን እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ ይህን አሠራር በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ አስቀርታለች። በሻንጣህ ይዘኸው የምትመጣው ጃኬት ላይ ያለው 20 በመቶ ታክስ እዚያው ቀረ ማለት ነው። ካርድ የያዛችሁም ብትሆኑ ማሽኑ «በዶላር ይሁን በፓውንድ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ፓውንድ በሉ። ዶላሩን ከመረጣችሁ ምንዛሬውን የሚተምነው የነጋዴው ወገን ነው፤ ትርፉን ሳይጨምርበት አይተምንም። እንዲህ ተገዝቶ የመጣውን ልብስ አንገትጌውን ገልብጣችሁ ብታነቡት ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ባንግላዴሽ፣ ቻይና ወይም ቱርክ የሚል ነው።

«አንተ ምን አለብህ! ባዶ እጄን ብመለስ ዘመድ ምን ይለኛል?» የሚለኝ አለ። ይህ ሰው እውነቱን ነው፤ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም። ለእናቱ መነጽር፣ ለታመመ ወንድሙ እዚህ የማይገኝ መድኃኒት የሚገዛውን እጁን ይባርክ። ችግሩ ዝርዝሩ እዚያ ላይ አይቆምም። ለቢሮ ኃላፊ ሽቶ፣ ለጎረቤት ቸኮሌት፣ ለአማት ሻል፣ ከሄደ ወዲያ በስልክ ለተጨመረ ዘመድ ጫማ፣ ቁጥር 42! ሰውየው ለእረፍት የሄደ መስሎት የሰፈሩ ሸቀጥ አመላላሽ ሆኖ አረፈው። ይህን ሸክም የጫንበት እኛ የቀረነው ነን። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። እኛ ግን አይተን የመጣነውም አገር አይናፍቀንም፤ ምክንያቱም አላየነውም።

ስለዚህ አቤቱታዬ ለሁለቱም ወገን ነው። የምትሄዱ ሰዎች፣ ቆጥቡ፤ በሶአችሁን በጥብጡ፣ ውሃችሁን በነጻ ጠጡ፣ ግን የቆጠባችሁትን እዚያው ለአንድ ማታ ትርዒትና ለአንድ ደህና ምሳ አውሉት። እኛ የምንቀረው ደግሞ የመጣውን ሰው ገና ከበር ሻንጣ ሻንጣውን አንየው። ቡና አፍልተን እናስቀምጠውና ያየውን እንጠይቀው። ዘውዱን አይቶት ከሆነ ስንት ፈርጥ እንዳለው ይንገረን፤ ግሎብ ቆሞ ከሆነ ሐምሌት እንዴት እንደሞተ ያጫውተን። ይህ ስጦታ ትርፍ ኪሎ አያስከፍልም፤ ጉምሩክም አይፈትሸውም። ቸር እንሰንብት።