ቤቷን ተሸክማ የምትኖር ኤሊ መንገድ ስትሄድ

ቤተሰብ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የሚዛወርበት ወራት በየዓመቱ ይመጣል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፥ የመንግሥት ሥራ ሲለወጥ፥ ንግድ ሲሰፋ ወይም ሲቀዘቅዝ፥ አልጋውና ቁም ሣጥኑ፥ ምጣዱና ሙቀጫው በአይሱዙ መኪና ላይ ይጫናል። ላሟ አስቀድማ ትሸጣለች፤ ዶሮዎቹ ለጎረቤት ይሰጣሉ፤ ውሻውም ማን እንደሚወስደው ይታወቃል። በአንዳንድ ግቢ ግን ማንም ያላሰበላት አንዲት ፍጥረት ከጓሮው ጥግ ትገኛለች፤ እርስዋም ኤሊ ናት።

«ይህችንስ ምን እናድርጋት?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው መኪናው በር ላይ ቆሞ፥ ሹፌሩ ጥሩምባ ሲነፋና ልጆቹ ሲያለቅሱ ነው። እንዲህ ባለው ሰዓት የሚቆረጥ ነገር መልካም ስለማይሆን፥ በዚህ ወር ጉዳዩን ከመንገዱ ቀን አስቀድመን ልንመለከተው ወደድን። ምሳሌያችንንም ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ወደ አዲስ አበባ ከሚወስደው መንገድ እንወስዳለን።

አስቀድመን ኤሊ ምን ዓይነት ፍጥረት እንደ ሆነች እንወቅ። በአገራችን ከአንድ ዓይነት በላይ የየብስ ኤሊ ይገኛል። አንደኛይቱ ቅርፊቷ እንደ ነብር ቆዳ ዝንጉርጉር የሆነችው ናት፤ እርስዋም ስታድግ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ልትመዝን ትችላለች። ሌላይቱ በጭኗ ላይ እንደ እሾህ ያለ ቅርፊት ያላት የቆላ ኤሊ፥ ከዓለም የየብስ ኤሊዎች በግዝፈት ሦስተኛ ስትሆን 100 ኪሎ የምታልፍበት ጊዜ አለ። ዕድሜያቸውም ረጅም ነው፤ ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. ከሲሸልስ ደሴቶች በመርከብ ተጭኖ፥ ናፖሌዎን በግዞት ወደ ሞተባት ወደ ቅድስት ሄሌና ደሴት የተወሰደ ዮናታን የሚባል ኤሊ አለ። ያን ጊዜም ሙሉ እድገት የነበረው ስለ ሆነ፥ በ1832 ዓ.ም. ገደማ እንደ ተፈለፈለ ተገምቶ፥ በ2022 ዓ.ም. 190 ዓመት እንደ ሞላው ተቈጥሮለታል። እንግዲህ ኤሊን በቤቱ የሚያሳድግ ሰው ለልጁ፥ ምናልባትም ለልጅ ልጁ የሚቀር አደራ እንደ ያዘ ይወቅ።

ብዙ ሰው የኤሊን ቅርፊት እንደ ድንጋይ ያለ፥ የማይሰማው ነገር ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የጀርባ አጥንቷና የጎድን አጥንቶቿ ከቅርፊቷ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ቅርፊቷም ሕያው አካል ነው፤ ሲመቱት ይሰማታል፥ ሲበሱትም ያማታል። ስለዚህ ገመድ ለማሰር ቅርፊቷን መብሳት ጭካኔ ነው። ሳንባዋ ከጀርባዋ ሥር በላይ በኩል ስለ ሆነ፥ በጀርባዋ ተገልብጣ ብትቆይ የሆድ ዕቃዋ ክብደት ሳንባዋን ተጭኖ ትንፋሽ ያሳጣታል። ደግሞም እንደ እኛ ሙቀትን ከውስጥዋ አታፈልቅም፤ ከፀሐይና ከምድር ትቀበላለች እንጂ። ብርድ ሲበዛባት ትደነዝዛለች፤ ሙቀት ሲያይልባት ግን ላብ አውጥታ መብረድ ስለማትችል ቶሎ ትሞታለች።

ይህን ካወቅን ዘንድ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት እንውሰዳት?» የሚል አይሆንም፤ «መሄድ ይገባታልን?» የሚል ነው እንጂ። ለዚህም የጎጃም ምድር ራሱ ምስክር አለው። በጥር ወር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው በኦሜድላ ሲገቡ፥ ከሱዳን የመጣው ጦር ስንቁንና ጥይቱን የጫነው በሺህ በሚቈጠሩ ግመሎች ላይ ነበር። እነዚያ የሜዳና የሙቀት ልጆች ዳገቱን ወጥተው ወደ ደጋው ሲቃረቡ፥ ብርዱ፥ ያልለመዱት መኖና የመንገዱ ክፋት በየገደሉ ጨረሳቸው፤ ከዚያ ሁሉ የተረፉት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ጦሩ ግን ቡሬን አልፎ ሄደ፤ ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችውም ከተማ ፍኖተ ሰላም፥ ማለት የሰላም መንገድ፥ የሚለውን ስም ያገኘችው በዚያው ጉዞ ነው። ስሟ ለሰው ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ለግመሎቹ ግን መንገዱ የሰላም መንገድ አልሆነላቸውም። በዚያ ጊዜ የአገር ነጻነት ያስገደደ ነገር ነበረ፤ እኛ ግን ያለ ግዴታ እንዲህ ያለውን ነገር በአንዲት ኤሊ ላይ ማድረግ አይገባንም።

ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፥ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በፀሐይ ስትሞቅ የኖረች ኤሊ በሐምሌ ጭጋግ በሲሚንቶ ግቢ ላይ ብትጣል አፍንጫዋ ያዠቅቃል፥ ምግብም ትተዋለች። ኖኅ ከመርከቡ ከመውጣቱ በፊት ቁራውንና ርግቢቱን ልኮ ምድሪቱን እንዳስመረመረ ሁላችን እናውቃለን። ርግቢቱም የእግር ማረፊያ ባጣች ጊዜ እጁን ዘርግቶ መልሶ ተቀበላት እንጂ በውኃው ላይ አልተዋትም። የቤቱም አባወራ አስቀድሞ አዲሱን ቤት ሲያይ፥ ስለ ክፍሉ ብዛት ብቻ ሳይሆን ስለ ግቢውም ይጠይቅ፤ ሣር አለውን? ፀሐይ ይገባዋልን? ሌሊት የምታድርበት ደረቅና ሙቅ ጎጆ መሥራት ይቻላልን? መልሱ «የለም» ከሆነ፥ ኤሊዋ አትሂድ።

ሁለተኛው ጥያቄ የሕግ ነው። ኤሊ የዱር እንስሳ ናት። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሏል። ስለዚህ ከመጫኗ በፊት የዱር እንስሳት ጉዳይ ወደሚመለከተው የአካባቢው መሥሪያ ቤት ሄዶ ማሳወቅና ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ቤተሰብማ ይበልጥ ይጠንቀቅ። ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. የገባችበት የዱር እንስሳት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት የየብስ ኤሊዎችን ሁሉ ያለ ማስረጃ ወረቀት ድንበር እንዳይሻገሩ ይጠብቃቸዋል። አሜሪካም በ2000 ዓ.ም. እነዚህን ሁለቱን የአፍሪካ ኤሊዎች ወደ አገሯ እንዳይገቡ አግዳለች። ምክንያቱም በቅርፊታቸው ሥር የሚጣበቀው መዥገር ከብትን፥ በግንና ፍየልን የሚገድል በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ነው። ይህ ነገር ለእኛም ትምህርት አለው፤ ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ የምትሄድ ኤሊ መዥገሯ ሳይለቀም የሰው ከብት ወደሚሰማራበት ግቢ አትግባ።

ፈቃዱ ተገኝቶ፥ ቦታውም ተመርምሮ መሄዷ የተቆረጠ እንደ ሆነ፥ አጫጫኗ እንዲህ ይሁን። ከጉዞው አንድ ቀን በፊት ጥልቀት በሌለው ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ጊዜ አቁሟት፤ ትጠጣለች፥ ፊኛዋንም ታራግፋለች። በጉዞው ዋዜማ ብዙ አታብሏት። አናጺ ከጠንካራ ሳንቃ ሣጥን ይሥራላት፤ ስፋቱም ተዘርግታ እንድትቆም የሚበቃ፥ ነገር ግን እንድትገለበጥ የማያስችል ይሁን። የአየር ቀዳዳ በጎንና በጎኑ ይብዛለት፤ ወለሉ እንዳያንሸራትታት ጭድ ወይም ጆንያ ይነጠፍበት። ውጭውን ባታይ ይሻላታል፤ ብርሃን ያየች እንደ ሆነ ለመውጣት ስትታገል ትደክማለችና። ስታነሷት በሁለት እጅ፥ ከባድ ከሆነችም ለሁለት ሰው፥ ሳትዘነብል ቀስ ብላችሁ አንሷት። በደነገጠች ጊዜ በፊኛዋ ያጠራቀመችውን ውኃ ትለቃለች፤ ይህም ለመንገዱ የያዘችው ስንቅ ነው።

ሣጥኑን በአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ ማሰር፥ ወይም ከቡታጋዝ፥ ከነጭ ጋዝና ከበርበሬ ጆንያ ጋር መጫን አይገባም። በጥላ፥ አየር በሚያገኝበት ስፍራ፥ ሌላ ዕቃ ሳይደረብበት ይቀመጥ። ከፍኖተ ሰላም እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፥ ጉዞው በማለዳ ይጀመር። በጅጋ፥ በደምበጫና በደብረ ማርቆስ በኩል እስከ ደጀን ያለው አገር ነፋሻ ነው። ከደጀን በኋላ ግን መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወደ ዓባይ በረሃ ይገባል። በእኩለ ቀን በዚያ በረሃ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ መቆየት ለኤሊ ሞት ነው። ስለዚህ ድልድዩን ፀሐይ ሳይበረታ ለማለፍ ተጣጣሩ፤ ለምሳም ከቆማችሁ መኪናውን በፀሐይ ላይ አታቁሙ። ጎሐ ጽዮን ወጥታችሁ አየሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሣጥኑን በብርድ ልብስ ሸፍኑ፤ የአየር ቀዳዳውን ግን አትድፈኑ። ልጆችም ኤሊዋን በነኩ ቁጥር እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ሳልሞኔላ የሚባለው የሆድ በሽታ ከእርስዋ ሊተላለፍ ይችላልና።

ከደረሰችም በኋላ ወዲያው በሰው መካከል አታኑሯት። ጸጥ ባለ፥ በታጠረ ቦታ ውኃና ሣር አቅርባችሁ ተዉአት። ጥቂት ቀን ባትበላ አትደንግጡ። ሣርና የበለስ ቅጠል ይስማማታል፤ እንጀራ፥ ዳቦ፥ ወተትና ሥጋ ግን ምግቧ አይደለም። ቀናት አልፈው ካልበላች፥ ወይም አፍንጫዋ ፈሳሽ ካወጣ፥ የእንስሳት ሐኪም ይያት።

መሄድ የማትችል ከሆነችስ? ጫካ ጥሎ መሄድ መልስ አይደለም፤ የማታውቀው አገር ላይ የተጣለች ኤሊ ከውሻና ከመኪና አታመልጥም። መሥሪያ ቤቱ በሚፈቅደው መሠረት ለታመነ ጎረቤት በአደራ መስጠት፥ ወይም ለባለሥልጣኑ ማስረከብ ይሻላል። ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶችና አቦሸማኔዎች የሚጠበቁበት፥ በሆለታ አጠገብ ያለው የእንሰሳ ኮቴ ማእከል፥ የዱር እንስሳ ከግቢ ወጥቶ የሚያርፍበት ስፍራ በአገራችን እንዳለ ያሳያል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ሳያስበው ከቤቱ የወጣ ቤተሰብ ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ሣጥንና ፈቃድ ብሎ መናገር ቀልድ ይሆናል። ሕፃናቱን፥ ሽማግሌውንና በሽተኛውን ይዞ መውጣት ይቀድማል፤ ስለዚህም ማንም አይወቅሰውም። የታሰረ እንስሳ ቢኖር መፍታት፥ ውኃ ማስቀመጥ፥ ለሚቀር ጎረቤት አንድ ቃል መናገር ግን የደቂቃ ሥራ ነው። ሣርና ውኃ ባለበት ግቢ የቀረች ኤሊ ብዙ ቀን ትታገሣለች።

ለልጆች የሚነገረው ቃልም ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንድ ወላጅ ኤሊዋን በሌሊት ለሰው ሰጥቶ «ጠፋች» ይላቸዋል። ልጁ ሲያድግ እውነቱን ይሰማል፤ ያን ጊዜ የሚያዝነው ስለ ኤሊዋ ብቻ ሳይሆን ስለ አባቱም ቃል ነው። ይልቅስ አስቀምጣችሁ «ብርዱ ይገድላታል፤ የምንወዳት ስለ ሆነ እንተዋታለን» በሉት፤ ሲያስረክቧትም አብሮ ይሂድ። መውደድ ማለት ሁልጊዜ ይዞ መሄድ እንዳልሆነ በዚያ ቀን ይማራል።

እግዚአብሔር የሰንበትን ዕረፍት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለበሬውና ለአህያውም አዘዘ። ጻድቁ አባታችን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር በሰላም እንደ ኖሩ ገድላቸውን በምንሰማበት ቤት፥ ድምፅ የሌላት ኤሊ እንደ አሮጌ ዕቃ ልትጣል አይገባም። እርስዋ ቤቷን ተሸክማ ትሄዳለች፤ የእኛ ድርሻ የምታርፍበትን ምድር መርምሮ መምረጥ ነው።

ለተጓዦች ሁሉ መንገዳችሁን ፍኖተ ሰላም ያድርግላችሁ፤ አሜን።